ሕፃናት ከኦፕራሲዮን በኋላ ስለሚሰማቸው ሕመምና ስለ ማስታገሻው

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ምሳሌ ለዐዋቂ የተነገረ ምክር ነው። ዐዋቂ ሰው የሚያመውን ቦታ በጣቱ አሳይቶ፣ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረውና እንዴት እንደሚሰማው ለሐኪሙ ነግሮ መድኃኒቱን ይጠይቃል። ሳይናገር ቢቀር ጥፋቱ የራሱ ነው። አፉን ያልፈታ ሕፃን ግን በሽታውን ባይደብቅም ሊናገረው አይችልም። ያለው ቋንቋ ልቅሶ ብቻ ነው፤ ልቅሶ ደግሞ የረኃብም፣ የብርድም፣ የፍርሃትም፣ የእንቅልፍም ቋንቋ ስለ ሆነ ሰሚው በየትኛው እንደሚተረጕመው ይቸገራል። ከሁሉ የሚብሰው፣ ሕመም የጠናበት ሕፃን ልቅሶውን ትቶ ዝም የሚልበት ጊዜ መኖሩ ነው።

ጸሐፊ ያጣ አቤቱታ በመዝገብ ቤት አይገኝም። በመዝገብ ቤት አለመገኘቱ ግን በደል አልተፈጸመም ማለት እንዳልሆነ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የምንውል ሰዎች ሁላችን እናውቀዋለን። የሕፃናትም ሕመም እንዲሁ አቤት ባይ አጥቶ ብዙ ዘመን ኖሯል። ዛሬ የምንናገረው የሕክምና ጥበብ ይህን ሕመም እንዴት ተቀብሎ እንደ መዘገበው፣ ከዚያም አልፎ ልጁ ከኦፕራሲዮን እንቅልፉ ከመንቃቱ በፊት ሕመሙን ከመንገድ ለመግታት ስለ ደረሰበት ዘዴ ነው። በንግግራችን ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሕፃን ሲወጉት እንደሚያመው ለእናት ማስረዳት አያስፈልግም። የሚያስደንቀው ግን ይህን አጥብቀው የተጠራጠሩት የተማሩት ሰዎች መሆናቸው ነው። እስከ 1980ዎቹ ዓመታት ድረስ በኤውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሐኪሞች፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን ሕመም አይሰማውም፤ ቢሰማውም አያስታውሰውም ይሉ ነበር። ለዚህም የሚሰጡት ምክንያት የሕፃኑ የስሜት ሥሮች፣ ማለት ነርቮቹ፣ ገና በስብ ሽፋን ስላልተጠቀለሉ መልእክት በደንብ አያስተላልፉም የሚል ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ የማደንዘዣው መድኃኒት ደካማውን ሕፃን ይገድለዋል ብለው ይፈሩ ነበር። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም፤ የዚያን ዘመን መድኃኒትና መሣሪያ ለታናሽ ሕፃን የሚመች አልነበረምና።

በ1985 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ፣ ያለ ቀኑ ለተወለደ አንድ ሕፃን ከልቡ አጠገብ ያለ የደም ሥር ለመዝጋት ኦፕራሲዮን ተደረገለት። የተሰጠው መድኃኒት ጡንቻውን አስሮ እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርግ ብቻ እንጂ ሕመም የሚከለክል አልነበረም። እናቱ ይህን የተረዳችው ሕፃኑ ከሞተ በኋላ ነው። ነገሩ በሚቀጥለው ዓመት በጋዜጣ ሲወጣ የሰሙት ሁሉ አዘኑ፤ ተቈጡም።

በዚያው ሰሞን በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ ዶክቶር ካንዋልጂት አናንድና የሥራ ጓደኞቻቸው፣ ይህንኑ ዐይነት ኦፕራሲዮን የሚደረግላቸውን ሕፃናት በሁለት ወገን ከፍለው ለአንደኛው ወገን ፈንታኒል የሚባለውን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ጨመሩለት። ውጤቱ በ1987 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ማስታገሻውን ያላገኙት ሕፃናት ሰውነት በጭንቀት ጊዜ የሚመነጩትን ሆርሞኖች እጅግ አብዝቶ ማፍሰሱ፣ ከኦፕራሲዮኑም በኋላ ይበልጥ ችግር የደረሰባቸው እነርሱ መሆናቸው ታወቀ። ሕፃኑ ባይናገርም ደሙ ተናገረለት ማለት ነው። በዚሁ ዓመት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን ዕድሜው ትንሽ ስለ ሆነ ብቻ ማደንዘዣ ሊነፈገው እንደማይገባ አስታወቀ።

«አያስታውሰውም» የሚለውም ክርክር ብዙ አልቈየም። በ1997 ዓ.ም. በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ የተደረገ ምርመራ፣ የቈዳ ማደንዘዣ ቅባት ሳይቀቡ የተገረዙ ወንዶች ልጆች ከ4 እስከ 6 ወር ሲሞላቸው የክትባት መርፌ ሲወጉ፣ ቅባቱን ተቀብተው ከተገረዙት ይልቅ አብዝተው እንደ ጮኹ ገለጸ። ካልተገረዙት ጋር ሲተያዩ ደግሞ ልዩነቱ የባሰ ነበር። ልጁ በአሳቡ ባያስታውስ ነርቮቹ አስታወሱት። የሕፃን ሰውነት የተቀበለውን ሕመም ጽፎ የሚያስቀምጥ መዝገብ እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚሰማ ሕመም ሥቃይ ብቻ አይደለም፤ ቍስሉ እንዳይድን የሚያዘገይ እንቅፋትም ነው። ሆዱን ወይም ደረቱን የተቀደደ ልጅ አየር በጥልቅ ቢስብ ስለሚያመው በአጭሩ ይተነፍሳል፤ ማሳልም ይፈራል። አክታው በሳንባው ውስጥ ሲከማች የሳንባ በሽታ ይከተላል። ጡት አይጠባም፤ አይተኛም፤ ልቡ ያለ ልክ ይመታል። እግሩን የተቀደደውም እንዳይነኩት ስለሚከላከል ቶሎ ተነሥቶ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ሕመምን ማስታገሥ ለልጁ ከማዘን የተነሣ የሚሰጥ ትርፍ ነገር ሳይሆን ራሱን የቻለ የሕክምናው ክፍል ነው።

እንግዲህ ሐኪሙ ይህን ሕመም በምን ይከላከለዋል? ብዙ ሰው የሚያውቀው ጠቅላላውን ማደንዘዣ ነው፤ በሽተኛው በጋዝ ወይም በመርፌ ይተኛል፤ ኦፕራሲዮኑ ይፈጸማል፤ ከዚያም ይነቃል። ይህን በስልክ መመሰል ይቻላል። ቢላዋው ሥጋን ሲነካ በዚያ ስፍራ ያሉት ነርቮች መልእክቱን ተቀብለው ወደ ኅብለ ሰረሰር ይልኩታል፤ ኅብለ ሰረሰሩም ለአንጎል ያደርሰዋል። ጠቅላላው ማደንዘዣ ስልክ ተቀባዩን፣ ማለት አንጎልን፣ ያስተኛዋል። ተቀባዩ ቢተኛም ግን ስልኩ መደወሉን አይተውም፤ ተቀባዩ በነቃ ጊዜ ደወሉ አሁንም እየጮኸ ያገኘዋል። ልጁ ከእንቅልፉ ሲነቃ እየጮኸ የሚነሣው ስለዚህ ነው። በዚህ ጊዜ ሞርፊንን የመሰለ ማስታገሻ ይሰጠዋል። ይህ መድኃኒት እጅግ ጠቃሚ ሲሆን ልኩ ከበዛ ትንፋሽን ያዘገያል፤ ያስታውካል፤ ያሳክካል። በተለይም ለጥቂት ወራት ሕፃን ብርቱ ጥበቃ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ዘዴ መስመሩን ራሱን ለጥቂት ሰዓት መዝጋት ነው። ይህም ክፍለ አካልን ብቻ ማደንዘዝ ይባላል። መድኃኒቱ በነርቩ አጠገብ ሲፈስ፣ ሶዲየም የተባለው የጨው ባሕርይ ወደ ነርቩ የሚገባባቸውን ጥቃቅን በሮች ይዘጋል። ሶዲየም ካልገባ መልእክቱ አይነሣም፤ ስልኩም አይደውልም። መድኃኒቱ ቀስ በቀስ በደም ተወስዶ በጉበት ሲጣራ በሮቹ ይከፈታሉ፤ ነርቩም ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል።

የዚህ ጥበብ ታሪክ የሚጀምረው በደቡብ አሜሪካ ከሚበቅለው ከኮካ ቅጠል ነው። በ1884 ዓ.ም. በቪየና ከተማ ካርል ኮለር የተባሉ ወጣት ሐኪም ከዚህ ቅጠል የሚወጣውን ኮካይን በዐይን ላይ ጠብ ቢያደርጉት ዐይን ሲነካ እንደማያም አረጋገጡ። በ1898 ዓ.ም. ደግሞ በጀርመን አገር በኪል ከተማ ኦገስት ቢር የተባሉ የኦፕራሲዮን ሐኪም በሽተኛቸውን በወገቡ በኩል መርፌ ወግተው ከወገብ በታች አደነዘዙት። እኒህ ሐኪም የዘዴውን ባሕርይ ለማወቅ ብለው ከረዳታቸው ከዶክቶር ሂልደብራንት ጋር እርስ በርሳቸው ፈተና አደረጉ። የረዳቱ እግር በደነዘዘ ጊዜ ቅልጥሙን በብረት መዶሻ ቢመቱት፣ የሚነድ ሲጋራም ቢያስነኩት ሕመም አልተሰማውም። በማግሥቱ ግን ሁለቱም በብርቱ ራስ ምታት ተያዙ፤ ሐኪሙም ዘጠኝ ቀን ያህል ተኙ። የዛሬው በሽተኛ የሚጠቀምበት ዕውቀት በእንዲህ ያለ ድካም የተገኘ ነው።

ወደ ልጆችም ለመድረስ ብዙ አልዘገየም። በ1909 ዓ.ም. በሎንዶን ታይረል ግሬይ የተባሉ ሐኪም ሕፃናትንና ልጆችን በወገብ መርፌ አደንዝዘው ስለ ሠሩት ሥራ ጻፉ። በ1933 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሐኪም ሜሬዲት ካምቤል በልጆች ላይ ከመቀመጫ በላይ ባለው ቀዳዳ የሚሰጠውን ማደንዘዣ ገለጹ። ከዚያ በኋላ ጠቅላላው ማደንዘዣ እየተሻሻለ ስለ ሄደ ይህ ዘዴ በልጆች ዘንድ ለብዙ ዓመታት ተዘንግቶ ነበር። በዚህ መካከል ግን በስዊድን አገር ሁለት ጠቃሚ መድኃኒቶች ተገኙ፤ አንደኛው በ1943 ዓ.ም. የተሠራው ሊዶካይን፣ ሁለተኛው በ1957 ዓ.ም. የተሠራውና ለብዙ ሰዓት የሚቈየው ቡፒቫካይን ነው። ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮም ዘዴው በልጆች ሕክምና ውስጥ እንደገና ስፍራውን ያዘ።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚፈጸም እንመልከት። የ10 ኪሎ ክብደት ያለው አንድ ሕፃን ብሽሽቱ ላይ ቡአ ወጥቶበት ኦፕራሲዮን ሊደረግለት ነው እንበል። ሕፃኑ አስቀድሞ በጠቅላላ ማደንዘዣ ይተኛል። ይህ ከዐዋቂ ሰው የሚለይበት ነው፤ ዐዋቂው ነቅቶ ሳለ መርፌውን በትዕግሥት ይቀበላል፤ ሕፃን ግን ስለሚፈራና ስለሚፈራገጥ ተኝቶ ቢወጋ ይሻለዋል። ከዚያ በጐኑ ያስተኙትና ጕልበቶቹን ወደ ሆዱ ያጥፏቸዋል። ከመቀመጫው ክፍፍል በላይ፣ በጀርባ አጥንት መጨረሻ አካባቢ፣ በቀጭን ሽፋን የተከደነች ትንሽ ቀዳዳ አለች። በሕፃን ላይ በጣት ሲዳስሷት በቀላሉ ትገኛለች። የማደንዘዣው ባለሙያ ስፍራውን በጥንቃቄ አጽድቶ በቀጭን መርፌ ያን ሽፋን ያልፋል። መርፌው ሽፋኑን ሲያልፍ መላላቱ በእጅ ይታወቃል። እዚያ ያለው ስፍራ ኅብለ ሰረሰሩን ከያዘው ከረጢት ውጭ ሲሆን፣ ወደ እግርና ወደ ታችኛው ሆድ የሚሄዱት ነርቮች በዚያ ያልፋሉ።

በዚህ ላይ ባለሙያው ሊዘነጋው የማይገባ አንድ ነገር አለ። ኅብለ ሰረሰር በዐዋቂ ሰው ከሚያበቃበት ስፍራ ይልቅ በአዲስ ሕፃን ዝቅ ብሎ ያበቃል፤ ከረጢቱም እንዲሁ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ መርፌው ሽፋኑን ካለፈ በኋላ ወደ ውስጥ አብዝቶ መግፋት አይፈቀድም። መድኃኒቱ ከመፍሰሱ በፊት ባለሙያው መርፌውን ወደ ኋላ ስቦ ደም ወይም የሰረሰር ውሃ አለመምጣቱን ይመለከታል፤ ከዚያም የልብን ምት በመሣሪያ እየተከታተለ ጥቂት በጥቂት ይሰጣል።

ልኩም በዘፈቀደ የሚወሰን አይደለም። ቡፒቫካይን አንድ ጊዜ ሲሰጥ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ2.5 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይጠበቃል። ለ10 ኪሎው ሕፃን እንግዲህ የመጨረሻው ልክ 25 ሚሊግራም ነው። መድኃኒቱ በአንድ ሚሊ ሊትር 2.5 ሚሊግራም የያዘ ቢሆን ይህ 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ይሆናል። በዚህች ሁለት የሻይ ማንኪያ መድኃኒት ሕፃኑ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ያለ ሕመም ይቈያል። ገና ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ጉበቱ ስላልጠነከረ፣ በደሙም ውስጥ መድኃኒቱን ይዞ የሚያቈየው ባሕርይ ትንሽ ስለ ሆነ ይበልጥ ይጠነቀቁለታል። በኦፕራሲዮኑ ጊዜም መስመሩ ተዘግቷልና ጠቅላላው ማደንዘዣ ቀለል ተደርጎ ይሰጣል፤ ልጁም ቶሎና በሰላም ይነቃል።

ይህ የተለመደው መንገድ ይሁን እንጂ ብቸኛው አይደለም። ለቆልማማ እግር፣ ለተሰበረ ክንድ፣ ለታችኛው ሆድ የየራሱ ነርቭ እየተፈለገ ሊደነዝዝ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚደነዝዘው ያ ክፍል ብቻ ነው። ቀድሞ ነርቩ የሚፈለገው በዳሰሳና በግምት ነበር። ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን በቪየና ያሉ ሐኪሞች ባስፋፉት ዘዴ፣ አልትራሳውንድ በተባለው መሣሪያ ነርቩንና መርፌውን በመስታወት ላይ እያዩ መሥራት ተችሏል። የሚያዩት ስለ ሆነም በግምት ይሰጥ ከነበረው ባነሰ መድኃኒት ይበቃል። ኦፕራሲዮኑ ከባድ ሆኖ ሕመሙ ለቀናት የሚቈይ ሲሆን ደግሞ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ በስፍራው ትተው መድኃኒቱን በቀጣይ ያንጠባጥቡለታል።

አሁን ወላጆች ሁሉ ወደሚጠይቁት ጥያቄ እንመጣለን። «በልጄ ጀርባ መርፌ ገብቶ ሽባ ቢያደርገውስ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በቍጥር ቢሰጥ ይሻላል። በፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች ያሉ የሕፃናት ማደንዘዣ ሐኪሞች በ1996 ዓ.ም. ባሳተሙት ምርመራ፣ ከ24,409 ልጆች ላይ ከተሰጠው የዚህ ዐይነት ማደንዘዣ ውስጥ እክል የታየው በ23ቱ ላይ ብቻ ሲሆን ሁሉም ቀላል ነበር። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ከ100,000 በላይ ጊዜ የተሰጠው ተመርምሮ፣ በአንድም ልጅ ላይ የማይመለስ የነርቭ ጕዳት አልተገኘም። ለጊዜው የመደንዘዝ ወይም የመድከም ምልክት የቈየባቸው ከ10,000 ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። መድኃኒቱ በደም ገብቶ ያንቀጠቀጣቸው ወይም ልባቸውን ያወካቸው ከ10,000 አንድ እንኳ አይሞሉም።

አደጋ ጭራሽ የለበትም ለማለት ግን አይቻልም። መድኃኒቱ በስሕተት በደም ሥር ቢገባ ወይም ልኩ ቢያልፍ ልብን እስከ ማቆም ይደርሳል። ለዚህም መላ ተገኝቷል። በቺካጎ ዶክቶር ጋይ ዋይንበርግ በደም ሥር የሚሰጥ የተበጠበጠ ቅባት መርዙን እንደሚያረክስ በ1998 ዓ.ም. በአይጦች ላይ አሳዩ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በዚህ መድኃኒት ልቡ የቆመ ሰው መትረፉ ተጻፈ። ስለዚህ ይህ ማደንዘዣ በሚሰጥበት ክፍል ኦክሲጂን፣ ልብንና ትንፋሽን የሚከታተል መሣሪያ፣ ይህም የቅባት መድኃኒት አጠገብ ሊኖሩ ይገባል። እንዲሁም በወጊያው ስፍራ ቍስል ወይም መግል ላለበት፣ ደሙ ቶሎ ለማይረጋ፣ ወይም በጀርባ አጥንቱ አፈጣጠር ላይ ጕድለት ላለበት ልጅ የጀርባው መርፌ አይሰጥም። ከቤተ ሰቡ ውስጥ ደም የማይቆምለት ሰው ያለ እንደ ሆነ ወላጆች ለሐኪሙ ሳይደብቁ መንገር ያለባቸው ስለዚህ ነው።

ሌሎች ወላጆች ደግሞ የሚፈሩት ጠቅላላውን ማደንዘዣ ነው፤ «የልጄን አእምሮ ይጐዳዋል» ይላሉ። ይህንንም የሚመለከት ታላቅ ምርመራ በ7 አገሮች ባሉ 28 ሆስፒታሎች ተደርጓል። ቡአ የወጣባቸው 722 ሕፃናት በዕጣ ተለይተው ግማሾቹ ነቅተው ሳሉ በወገብ በኩል ብቻ ደነዘዙ፤ ግማሾቹ በጋዝ ተኙ። በ2019 ዓ.ም. በወጣው ውጤት አምስት ዓመት ሲሞላቸው አእምሯቸው ተመርምሮ ልዩነት አልተገኘም። እንግዲህ ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ አንድ እንቅልፍ የሚያስፈራ አይደለም። ሁለቱ ዘዴዎችም እርስ በርሳቸው ይረዳዳሉ እንጂ ተቃራኒዎች አይደሉም። ልጁ የሚተኛ ስለ ሆነም ሐኪሙ ያዘዘውን የጾም ሰዓት መጠበቅ ግዴታ ነው። «ራበው» ብሎ በድብቅ ማጕረስ ምግቡ ወደ ሳንባ ገብቶ ሕይወቱን እንዲያሳጣው መፍቀድ ነው።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያለው ሥራ በከፊል የወላጆች ነው። አስቀድመን ሕፃን ሕመሙን አይናገርም ብለናል። ስለዚህ በ1997 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የታተመ አንድ የመመዘኛ ዘዴ አለ። አምስት ነገሮች ይታያሉ፤ ፊቱ ተኰሳትሯልን? እግሮቹ ይፈራገጣሉን ወይስ ዘና ብለዋል? ሰውነቱ ይወራጫልን ወይስ ደርቋል? ልቅሶው እንዴት ነው? ሲያቅፉትና ሲያባብሉት ዝም ይላልን? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጣል፤ ድምሩ 10 ይሞላል። እናትም ይህን ሳትጽፍ በልቧ ልትመዝነው ትችላለች። ጡት ተሰጥቶትና ታቅፎ ዝም የማይል፣ ፊቱን አጨማዶ እግሩን ወደ ሆዱ የሚስብ ሕፃን ሕመም እንዳለበት አስታማሚዋን ልትጠራለት ይገባል።

የማደንዘዣው ኀይል ከማለቁ በፊት ሐኪሙ ያዘዘውን የሚዋጥ ማስታገሻ፣ ለምሳሌ ፓራሲታሞልን፣ በሰዓቱ መስጠት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ልጁ ሲስቅና ሲጫወት አይቶ «አሁን ደኅና ነው፤ መድኃኒቱ ይቅር» ይላል። ሌሊት ግን የተዘጋው መስመር ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ሕመሙ ቀድሞ ስለ ደረሰ እርሱን መመለስ ከመከልከሉ ይልቅ ይከብዳል። እግሩ ደንዝዞ ሳለም ልጁን ብቻውን ማስቆም አይገባም፤ ይወድቃል። ትኩስ ነገር አጠገቡ ማስቀመጥም አይገባም፤ ቢያቃጥለው አይሰማውም። እግሩ በጀሶ ለታሰረ ልጅ ደግሞ ጣቶቹ ቢቀዘቅዙ፣ ቢጠቍሩ ወይም ማስታገሻ እየተሰጠው ሕመሙ እየባሰ ቢሄድ ሳይውል ሳያድር ለሐኪሙ መንገር ነው። ነገር ለሚገባው ልጅ «እግርህ ለጥቂት ሰዓት እንደ ተኛ ይሆናል፤ በኋላ ይነቃል» ብሎ አስቀድሞ መንገር ከድንጋጤ ያድነዋል። «መርፌ የለም» ብሎ መዋሸት ግን ልጁ ሁለተኛ ሐኪምን እንዳያምን ያደርገዋል።

ይህ ሁሉ የታላላቅ ሆስፒታሎች ጕዳይ ብቻ መስሎ እንዳይታይ አንድ ቅርብ የሆነ ምሳሌ እንጨምር። ባገራችን በብዙ ቤተ ሰብ ወንድ ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን መገረዙ የታወቀ ልማድ ነው። ለግርዛትም በብልቱ ሥር ሊዶካይንን በልኩ በመውጋት ነርቮቹን ማደንዘዝ ይቻላል። በዚህ ስፍራ የሚሰጠው ሊዶካይን የደም ሥርን የሚያጠብበው አድሬናሊን ያልተጨመረበት መሆን አለበት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ1999 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ለሚገረዝ ሕፃን የሕመም መከላከያ ሊሰጠው እንደሚገባ አስታውቋል። ወላጅ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ይዞ ሲሄድ «ማደንዘዣ ትሰጡታላችሁን?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። የቶሮንቶውን ምርመራ የሰማ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ሊቀር አይገባውም።

በጠቅላላው ኦፕራሲዮን የሚደረግለት ልጅ ያለው ወላጅ አራት ነገሮችን ቢጠይቅ መልካም ነው። ልጄ ሲነቃ ሕመሙን የሚከለክልለት ምንድን ነው? ክፍለ አካልን ማደንዘዝ ለእርሱ ይስማማዋልን? ኀይሉ ስንት ሰዓት ይቈያል? ካለቀስ በኋላ በምን ይተካል? ይህን መጠየቅ በሐኪሙ ሥራ መግባት አይደለም። ባለጉዳይ ሊናገር በማይችልበት ስፍራ ወኪሉ እንደሚናገርለት ያለ ነው። የማደንዘዣው ባለሙያም ቢሆን ሲጠየቅ ደስ ብሎት ያስረዳል፤ ሥራው ከመጋረጃ በስተ ኋላ ስለሚፈጸም ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሰው አያገኝምና።

ክቡራን አድማጮች፤ ከመቀመጫ በላይ የሚሰጠው ማደንዘዣ አንዲት ቀጭን መርፌ፣ አንዲት ጠርሙስ መድኃኒት፣ ንጽሕናንና የሠለጠነ እጅን ይጠይቃል እንጂ እጅግ ውድ የሆነ መሣሪያ አይጠይቅም። ቡፒቫካይንም የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች አስፈላጊ ናቸው ብሎ በዘረዘራቸው መድኃኒቶች ውስጥ ይገኛል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ግን ዝም ያለ ሕፃን ሁሉ ሕመም የለበትም ብሎ አለመፍረድ ነው። ዐዋቂ በሽታውን ሳይደብቅ ይናገር፤ ለሕፃኑ ግን እኛ እንናገርለት።